የካሜራው እኩያ

መስከረም 14 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ጣሪያዬ ነው፤ ዝናቡ ቢያቆምም እሱ ማፍሰሱን አልተወም።

ደብዳቤዎ ሰኞ ደረሰኝ። ራሴ አነበብኩት። ይህን የምጽፈው እንዳለፈው ጊዜ "ማን አነበበልሽ?" ብለው እንዳይጠይቁኝ ነው። ማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ፊደል ከለየሁ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ የሰው ዓይን መዋስ ትቻለሁ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ የአባባ ካሜራ እኔ ዘንድ ነው። አልተሸጠም፣ አልተሰረቀም፣ አይጥም አልበላውም። አባባ ጡረታ ወጥቶ እዚህ ሲመጣ ይዞት መጣ፤ እሱን ያስታመምኩት እኔ ስለሆንኩ ካሜራውም ለእኔ ቀረ።

መልኩን ጻፊልኝ ብለዋል። ጥቁር ሣጥን ነው። ውስጡ እንጨት፣ ላዩ ቆዳ። የልብስ መተኮሻ ካውያዬን ሁለት ጊዜ ይመዝናል። የፊቱ በር ቁልፉን ሲጫኑት ወደ ታች ይወድቅና ትንሽ ጠረጴዛ ይሆናል። ሌንሱ በዚያ ጠረጴዛ ላይ እንደ ባቡር በሐዲድ ወደ ፊት ይሳባል፤ ከኋላውም እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ቆዳ እየተለጠጠ ይከተለዋል። አናቱ ላይ ከሽቦ የተሠራ መስኮት ይቆማል፤ አባባ ሲጣደፍ በእሱ ነበር የሚያነጣጥረው። ጎኑ ላይ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች ያሉት የርቀት መለኪያ ተለጥፏል። ከኋላ ምስሉ ተዘቅዝቆ የሚታይበት የደበዘዘ መስታወት አለ። ከመስታወቱ ፊት ደግሞ በቁልፍ የሚጠነጠን የጨርቅ መጋረጃ አለ፤ ሲለቁት ጥፊ የመሰለ ድምፅ ያሰማል። የሠሪው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ወልቆ ቦታው ብቻ ቀርቷል። ሌንሱ ቀለበት ላይ ያለውን ቁጥር ግን በሌላ ወረቀት ገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ።

አሁን ደግሞ እኔ ልናገር። አባባ ፎቶ ያነሳለት የነበረው ጋዜጣ ቤት በጥር ወር ኤግዚቢሽን ይከፍታል፣ የአባባ ካሜራ መሐል ላይ ይቀመጣል፣ የበኩር ልጁ መጋረጃውን ገልጣ ንግግር ታደርጋለች ብለው ጽፈውልኛል። የበኩር ልጁ እርስዎ እንደሆኑም ጨምረውበታል፤ የማላውቅ ይመስል።

እትዬ፣ እርስዎ የልደት ወረቀት አለዎት። እኔ ወረቀት የለኝም። ያለኝ አንድ ነገር ነው። አባባም፣ እናትዎም፣ ያ ሁሉ ጎረቤትም በአንድ አፍ የሚሉት ነገር፦ እኔ የተወለድኩት አባባ ይህን ካሜራ በተረከበበት ሳምንት ነው። በካሜራው መጀመሪያ የተነሳው ሰው እኔ ነኝ፣ እናቴ ክንድ ላይ ሆኜ። ስለዚህ የካሜራውን ዕድሜ ያወቀ የእኔን አወቀ ማለት ነው። ካሜራው ከእርስዎ የልደት ወረቀት ከቀደመ የበኩር ልጁ እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዘመን እርስዎን እትዬ ያልኩት፣ አንቱ ያልኩት፣ ታናሽ ነሽ ተብዬ ነው። ትምህርት ቤት የቀረሁትም ታናሽ ነሽ ተብዬ ነው።

እርስዎ ዓመቱን ለኤግዚቢሽኑ ካርድ ይፈልጉታል። እኔም ለራሴ እፈልገዋለሁ። ለሚያውቅ ሰው ያሳዩልኝ።

አክባሪዎ፣
ጩጬ የሚሉኝ


ጥቅምት 2 ቀን

ለእህቴ ለጩጬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? "ማን አነበበልሽ" ማለቴን ይቅር በይኝ፤ ለክፋት አልነበረም። ጽሕፈትሽ ያምራል። ዕድሜዬን በሙሉ መድኃኒት ቤት ቆሜ የሐኪም ጽሕፈት ስፈታ የኖርኩ ሰው ነኝና እመኚኝ።

ገበያው ጀርባ አንድ ካሜራ ጠጋኝ አለ። ሰፈሩ ዶክተር ነው የሚለው፤ እሱም ወዶታል መሰለኝ ነጭ ካፖርት ለብሶ ነው የሚሠራው። መግለጫሽን አነበብኩለት። ገና የሽቦው መስኮት ላይ ሳልደርስ "ይበቃል፣ ይበቃል" አለኝ። "ይሄ የፕሬስ ካሜራ ነው። ድሮ የጋዜጣ ሰዎች የሚይዙት። ፊልሙ የፖስታ ካርድ ያክላል፣ አንድ በአንድ ነው የሚገባው። አንድ ጊዜ ከሳቱ ሳቱ ነው።" ከዚያ የላክሽልኝን የሌንስ ቁጥር ከአንድ የተቀዳደደ መጽሐፍ ጋር አስተያየው።

ጩጬ፣ የሚቀጥለውን መጻፍ ደስ አይለኝም። ሌንሱ የተሠራው እኔ በተወለድኩ በዓመቱ ነው። እንግዲህ እኔ ስወለድ ካሜራው አልነበረም ማለት ነው። አንቺ ከካሜራው ጋር ከመጣሽ ታናሼ ነሽ።

አትቀየሚኝ። ለኤግዚቢሽኑ ኮሚቴ ስሜን ሰጥቻለሁ፤ የጥሪውን ወረቀት በታኅሣሥ ያሳትማሉ። ካሜራውን ይዘሽ ነይና ከጎኔ ቁሚ። ደግሞስ በዚህ ዕድሜያችን ታላቅና ታናሽ ምን ይሠራል? ሁለታችንም አሮጊቶች ነን።

እህትሽ


ጥቅምት 11 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤናዎን እመኛለሁ።

ታላቅና ታናሽ ምን ይሠራል ይላሉ። እንዲህ ሲል የሰማሁት ሰው ሁሉ ታላቅ ነው። ታናሽ ሲለው አንድም ቀን አልሰማሁም።

እኔ ባለፈው ዓመት ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገብቻለሁ። ያ ዶክተርዎ አፌን ከፍቶ ቢያየኝ "ይህች ልጅ ገና ዓመቷ ነው" ብሎ ሊጽፍልኝ ነው። ሌንሱ እኮ የካሜራው ጥርስ ነው! የመጀመሪያው ወልቋል።

እንዴት እንደወለቀም ልንገርዎ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ እንደሚሉኝ አውቃለሁና። የጥጥ መጋዘኑ የተቃጠለ ዕለት አባባ የፍላሹን ቦርሳ አስይዞኝ ሄደ። እርስዎ ትምህርት ቤት ነበሩ። ሰው እየጮኸ ሲሮጥ አንዱ በትከሻው ገጨውና ካሜራው በአፉ ተደፋ። አባባ ጭቃ ላይ ተቀምጦ ስብርባሪውን በመሐረብ ሲለቅም አየሁት። "ለማንም እንዳትናገሪ" አለኝ። ለማን ልናገር? እኔን የሚሰማ ማን ነበር? ካሜራው ዓይኑ እንደጠፋ መደርደሪያ ላይ ከረመ። በኋላ ጋዜጣ ቤቱ ከአሮጌ ዕቃ መሐል ሌላ ሌንስ ፈልጎ ገጠመለት። ዶክተርዎ ዓመቱን የቆጠረው የዚያን ነው።

አሁንም ካላመኑኝ፦ ሌንሱ የተተከለበትን ሰሌዳ በመርፌ ነካካሁት። አሁን ካሉት ብሎኖች ወደ ውስጥ ጠበብ ብለው በክብ የተደረደሩ ሌሎች ቀዳዳዎች አሉ። በጥቁር ሰም ተደፍነዋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ትንሽ አዝራር ተነቅሎ ትልቅ የተተከለበትን ቦታ ጨለማ ውስጥም በጣቴ አውቀዋለሁ።

ሄደው ይንገሩት። ሴትን በጥርሷ አይቆጥሯትም ይበሉት።

አክባሪዎ፣
ጩጬ የሚሉኝ


ጥቅምት 25 ቀን

ለጩጬ፣

አጭር ስለሆነ ይቅርታ። ከዶክተሩ ሱቅ መምጣቴ ነው፤ ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ ነው።

የጥርሱን ነገር ሳነብለት ሳቀ። የሰሙን ቀዳዳዎች ሳነብለት ግን ሳቁን ተወና መነጽሩን አወለቀ።

"ማናት ይህች ሴትዮ?"

"እህቴ ናት።"

"ታላቅዎ ናት ታናሽዎ?"

"እሱን እኮ ነው የምንጠይቅህ!" አልኩት።

"በሌንስ መቁጠሬ ስህተት ነው" አለ። "ሌንስ ይለወጣል፣ ይሸጣል፣ ይዋሳል። ካሜራ የሚቆጠረው በሣጥኑ ነው።" እንዲህ አድርጊ ብሎሻል። የኋላውን መስታወት ከነክፈፉ አውልቂው፤ በሁለት ቅንጥብ ነው የተያዘው፣ አይሰበርም። መጋረጃውን ክፍት እስኪሆን አዙሪው። ከዚያ በባትሪ እያበራሽ ወደ ሣጥኑ ጣሪያ ተመልከቺ። እንጨቱ ላይ የተመታ ቁጥር ታገኛለሽ። እሱን ላኪልኝ። በቦርሳው ውስጥ ከካሜራው ጋር ያለውንም ዕቃ ሁሉ ጻፊልኝ ብሏል።

የጥጥ መጋዘኑ ቃጠሎ ዕለት አባባን ያጀብሽው አንቺ መሆንሽን አላውቅም ነበር። ነግሮኝ አያውቅም።

እህትሽ


ኅዳር 4 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ለምን እንደዘገየሁ ልንገርዎ።

መስታወቱን አወለቅኩት። መጋረጃውን አዞርኩት፤ በመጀመሪያ አልታዘዝ አለኝ፣ ከዚያ ያቺን ጥፊውን ሰጠኝ። ባትሪዬን ይዤ አጎነበስኩና ቁጥሩን አገኘሁት። ስድስት የበዛበት ቁጥር ነው። ጻፍኩት፣ ፖስታውን ዘጋሁት፣ ቴምብሩን ለጠፍኩ። ልወጣ ስል ካሜራውን ወደ ቦታው ላስቀምጥ አነሳሁትና ቀጥ አልኩ። ለካ ስመለከት በአናቱ ነበር ያስቆምኩት! ቀና አድርጌ ብመለከት ስድስቶቹ በሙሉ ዘጠኝ ሆነው ጠበቁኝ። ፖስታውን በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ከፈትኩት። ወረቀቱ የተጨማደደው በዚያ ነው፤ አልቅሼበት እንዳይመስልዎት።

ትክክለኛውን ቁጥር በሌላ ወረቀት በትልቁ ጽፌዋለሁ። እስከ ንጋት ድረስ ደጋግሜ ያረጋገጥኩት ነው፤ ማንም አያንቀሳቅሰውም።

በቦርሳው ውስጥ ያለው ይህ ነው። እንደ ትልቅ የእጅ ባትሪ ያለ የፍላሽ እጀታ። የተቃጠሉ አምፖሎች፤ አባባ ለምን እንዳልጣላቸው አላውቅም። አንድ ትንሽ ሞረድ። ከእንጨት የተሠሩ የፊልም መያዣዎች፣ በአንዱ በኩል አንድ ፊልም፣ በሌላው አንድ የሚይዙ።

በመያዣዎቹ ከንፈር ላይ የተከረከሩ ምልክቶች አሉ። አይጥ ነክሷቸው አይደለም። አባባ ፊልሙ ላይ ብርሃን እየገባ ሲያበላሽበት የትኛው መያዣ እንደሚያፈስ ለማወቅ እያንዳንዱን በሞረድ ከርክሮት ነበር፤ አንዱን እንዲህ፣ ሌላውን እንዲያ። ክርክሩ በፊልሙ ጠርዝ ላይ ይታተማል። ፊልሙን ሲያጥብ ጠርዙን አይቶ "ሰነፉ መያዣ ይሄ ነው" ይል ነበር። በልጅነቴ እነዚህን ክርክሮች በጣቴ እየዳበስኩ ነበር የማመጣለት፤ ማንበብ ባልችልም እነሱን አነብ ነበር። ሁሉንም በእርሳስ ሥዬልዎታለሁ። በብዛት የሚጠቀምበት ሁለት ክርክር ጎን ለጎን፣ አንድ ደግሞ ራቅ ብሎ ያለበትን ነው።

እንግዲህ የሚታየው ሁሉ ታየ። መልሱን እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ፣
ጩጬ የሚሉኝ


ታኅሣሥ 1 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ካርድዎ ደረሰኝ። ባለ አበባ ካርድ ነው። "ቁጥሩ ደርሶኛል፣ ጥቂት ታገሺኝ፣ ጉልበቴ አሞኝ ነው" ይላል። ጉልበትዎን እግዜር ይማርልዎ። ግን እትዬ፣ ሰው የሚጽፈው በጉልበቱ ነው እንዴ?

ከካርዱ ጀርባ፣ በአንዷ ጥግ፣ በእርሳስ "እናቴ አውቃ አይደለም" የሚል አለ። ትንሽ አድርገው ስለጻፉት የማላየው መስሎዎት ይሆናል። ስለ እናትዎ እስካሁን አንድ ክፉ ቃል አልጻፍኩም። ካነሱት ግን ልጻፍ።

እናቴ ሞታ አያቴ ዘንድ ካደግኩ በኋላ ወደ አባባ ቤት የመጣሁበትን ቀን እርስዎ ረስተውት ይሆናል። እኔ አልረሳሁትም። እናትዎ በሩ መቃን ላይ ጀርባ ለጀርባ አቆሙን። እርስዎ በአንድ መዳፍ በለጡኝ። ወፍራም ጫማ አድርገው ነበር፣ እኔ ግን ባዶ እግሬን ነበርኩ፤ ይሁን፣ ያለ ጫማውም ይበልጡኝ ነበር። እናትዎ መቃኑን በቢላዋ ጫሩና "ይቺ ጩጬ ናት፣ ታናሽ ናት" አሉ። ወደ እኔ ዞረውም "እትዬ በያት" አሉኝ። አልኩ። አባባ እዚያው ተቀምጦ ካሜራውን በጨርቅ ይወለውላል። ቀና አላለም።

ከዚያ የትምህርት ቤት ጊዜ መጣ። ሁለት ልጅ ማስተማር አይቻልም፣ ታላቋ ትቅደም ተባለ። እርስዎ ቀደሙ። እኔ ተራዬን ስጠብቅ ማጠብ ተማርኩ፣ መስፋት ተማርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ልጅ ዳርኩ። ተራዬ የደረሰኝ የልጄ እኩያ የሆነ አስተማሪ ጠመኔ ይዞ "እማማ፣ ይህቺን ፊደል ማን እንበላት?" ያለኝ ማታ ነው። በአንድ መዳፍ ቁመት ምክንያት!

እናትዎ አውቀው ይሁን ሳያውቁ ለእኔ ያው ነው፤ ቢላዋው መቃኑን ጭሯል። አባባ ግን ያውቅ ነበር። ለቤቱ ሰላም ብሎ ዝም አለ። እሱን ስደርስበት እጠይቀዋለሁ። እዚያ ሰፊ ጊዜ አለ ይባላል።

አሁን ተራው የእርስዎ ነው። ዶክተሩ ያለውን ይጻፉልኝ፣ ክፉም ቢሆን። ታናሽ ከሆንኩ ታናሽ ነኝ፤ አንቱ ማለቱን ለምጄዋለሁ። ዝምታ ግን ከአባባ ዘንድ በቅቶኛል።

ጩጬ የሚሉኝ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ጣሪያዎን አሠሩት?

አዎ፣ ጽሑፉን በትክክል አንብበውታል። እትዬ እርስዎ ነዎት።

እስኪ ከመጀመሪያው ልንገርዎ። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጉልበቴ እውነት ታሟል፣ የዘገየሁት ግን በእሱ አይደለም። የሣጥኑን ቁጥር ዶክተሩ ወዲያው ነው የፈታው። ሣጥኑ የተሠራው እኔ ከመወለዴ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የርቀት መለኪያው ጎኑ ላይ መሆኑም ይህንኑ ይመሰክራል አለኝ፤ በኋላ የመጡት አናታቸው ላይ ነው ያላቸው። ወንበር ስጠኝ አልኩት። እሱ ግን ቀጥሎ "ይሁንና ሣጥን ሱቅ ውስጥ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። መቼ ተሠራ እንጂ መቼ እጁ ገባ አላልኩም" አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ታላቅ እንደሆንኩ ቤቴ ገባሁ። "ጩጬ፣ ነገሩ አልተረጋገጠም" የሚል ደብዳቤ ጀመርኩ። መጨረስ ግን አቃተኝ፤ ያቺን ካርድ ላክሁልዎ። ከዚያ ደብዳቤዎ መጣ። ዝምታ ከአባባ ዘንድ በቅቶኛል የሚለው ላይ ስደርስ ኮቴን ደርቤ ወጣሁ።

የሄድኩት ጋዜጣ ቤቱ ነው። የድሮ ፊልሞች ያሉት ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ እርጥበት እርጥበት ይሸታል። አንዲት ወጣት ናት የምትጠብቀው።

"ምን ዓይነት ፎቶ ነው የሚፈልጉት፣ እማማ?" አለችኝ።

"ፎቶውን አልፈልገውም። ጠርዙን ነው።"

"ጠርዙን?"

"ጠርዙን።"

ወደ ውስጥ ዞራ ለጓደኛዋ "ነይማ እዪ፣ ፎቶ የማይፈልጉ ሰው መጥተዋል!" ብላ ጮኸች። ሁለቱም መጡ። የሣሉልኝን ወረቀት ሳሳያቸው ግን ሳቃቸው ቆመ፤ እነሱም ወንበር ስበው ይፈልጉ ጀመር። "ይሄ ጭረት መስሎን ስንት ጊዜ በጨርቅ ጠርገነዋል!" አለች አንዷ። አባባ ከዚህ ካሜራ በፊት የሚያነሳው በፊልም ፋንታ በመስታወት ሰሌዳ ላይ እንደነበርም የነገሩኝ እነሱ ናቸው። ፊልም የገባው ከካሜራው ጋር ነው። ስለዚህ የመስታወቱን ትተን የፊልሞቹን መጀመሪያ ፈለግን።

የመጀመሪያው ፊልም የድልድዩ ምረቃ ነው። ሰው ተሰልፏል፣ ሪባኑ ገና አልተቆረጠም። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት። ጠርዙ ላይ ሁለት ክርክር ጎን ለጎን፣ አንድ ራቅ ብሎ። እንደሣሉልኝ፣ ልክ እንደሣሉልኝ።

ድልድዩን ያውቁታል፣ ሁልጊዜ የምንሻገረው ነው። በታክሲ ሄጄ ወረድኩ። የምረቃው ቀን ድንጋዩ ላይ ተቀርጿል፦ እኔ ከመወለዴ ሁለት ዓመት በፊት። ምናልባት ዝናብ አንዷን ቁጥር አጥፍቷት ይሆን ብዬ በጣቴ ዳበስኩት። አልጠፋችም። እርስዎ በሁለት ዓመት ታላቄ ነዎት። የእኛን ክርክር የአባባ ክርክር ፈታው።

ለኮሚቴው ሊቀ መንበር ስነግረው "እማማ፣ የጥሪው ወረቀት እኮ ማተሚያ ቤት ገብቷል" አለኝ። "ገባ እንጂ አልወጣማ" አልኩት። ማተሚያ ቤት ራሴ ሄጄ ስሜን በገዛ እጄ ሰርዤ የእርስዎን አስገባሁ። ሠራተኛው "ሙሉ ስማቸው ማነው?" ሲለኝ ጩጬ ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ይህችን ደብዳቤ ስጀምር "አንቺ" እያልኩ ስንት ወረቀት ቀደድኩ። እጄ አልለመደውም። እርስዎ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ቻሉት?

ካሜራውን ይዘው ይምጡልኝ። ከፈለጉ ንግግሩን እኔ አዘጋጅልዎታለሁ።

ታናሽዎ


ታኅሣሥ 17 ቀን

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ?

ይህችን "ሽ" አየሻት? ደጋግሜ ጽፌ ጮክ ብዬ አነበብኳት። ማታ ትምህርት ቤት ሳጠናት ለአንቺ በምጽፈው ደብዳቤ ውስጥ ቦታ ያልነበራት ፊደል እሷ ነበረች። አሁን ገጹን ሁሉ ትሙላው። ደህና ነሽ? በልተሻል? ተኝተሻል? ጎሽ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እጄ ላይ ነበር። "ለተከበሩ እትዬ" የሚለውን ሳይ የራሴን ደብዳቤ መልሰሽ የላክሽልኝ መስሎኝ ልቆጣ ነበር። ከዚያ ቀጣዩን አነበብኩ። ተነሳሁ። ቀሚሱ ከነመርፌው ወለል ላይ ወደቀ። በሩን ከፍቼ ማዶ ላለችው አዝራር ሻጭ "ታላቅ ሆንኩ!" አልኳት።

"እንኳን ደስ ያለሽ! ስንት ሞላሽ?" አለችኝ።

"እንደሱ አይደለም፣ ታላቅ ሆንኩ!"

"የማን?"

"የእህቴ!"

"መቼ?" አለችኝ። መልሱን ለማስረዳት ውስጥ አስገብቼ ካሜራውን ከፍቼ ማሳየት ነበረብኝ። መንገደኛው ሁሉ ገባ። እስኪመሽ ድረስ የሰሙን ቀዳዳዎች በባትሪ ሳሳይ ዋልኩ። ሙሽራዋ ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ እሷም ተሰልፋ አየች።

እንዴት ቻሉት ብለሽ ጠይቀሻል። አልቻልኩትማ! ደብዳቤዎቼን አላነበብሻቸውም እንዴ?

አሁን ደግነትሽ ይመጣና "እትዬ፣ አንቱታው ለሁለታችንም ይቅር፣ እንደ እኩያ እንነጋገር" ትይ ይሆናል። እንዳትሞክሪው። እኔ አንቱ ያልኩሽን ያህል አንቱ ትይኛለሽ። ዕድሜሽ ካልበቃ የቀረውን ልጆችሽ ይቀጥላሉ።

አንድ ነገር ግን በጽሑፍ ልመስክርልሽ። የልደት ወረቀቱ በእጅሽ ነበር። ስምሽ ማተሚያ ቤት ገብቶ ነበር። እኔ ሩቅ ነኝ። ያን ፊልም ወደ ፖስታው መልሰሽ "አልተገኘም" ብትዪ ማን ያውቅ ነበር? ማንም። በዚያ ጉልበት ምድር ቤት ወርደሽ፣ ድልድይ ሄደሽ፣ በራስሽ ላይ የሚመሰክር ድንጋይ ዳበስሽ። አባባ ያላደረገውን አንቺ አደረግሽው። ይህን ሳነብ አለቀስኩ አልልሽም። ክሩ ብቻ ለረጅም ሰዓት መርፌው ውስጥ አልገባ አለኝ።

ንግግሩን ላዘጋጅልዎ ያልሽውን ተዪው። ራሴ ጽፌዋለሁ፣ በራሴ እጅ። አጭር ነው። ማን እንደሆንኩ፣ ከማን እንደተወለድኩ፣ በየትኛው ዓመት እንደተወለድኩ ይናገራል። እስካሁን ዓመቱን የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ያገኘው መልስ "እንጃ" ነበር። በጥር ግን በተሰበሰበው ሰው ሁሉ ፊት ቁጥሩን እጠራለሁ፣ ያንኑ ቁጥር ካሜራው ሥር በሚቀመጠው ካርድ ላይ እጽፋለሁ። አንድ ካርድ ለሁለታችን ይበቃል። እናትሽን በክፉ አላነሳም። አባባን በደጉ አነሳለሁ፣ ካሜራ መያዝ ያውቅ ነበር። አንቺን ደግሞ "ይህንን ያገኘችው ታናሽ እህቴ ናት" ብዬ አስተዋውቅሻለሁ። ታናሽ የሚለውን ቃል ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ሰው እንዲሰማ።

ዓርብ እመጣለሁ። አውቶቡስ ተራ ጠብቂኝ። ካሜራውን እኔ እይዛለሁ፣ ለማንም አልሰጥም። ሻንጣዬን ግን አንቺ ትሸከሚያለሽ። ታናሽ አይደለሽ?

ታላቅሽ